ጲላጦስ የአገራችን ልጅ ነው አሉኝ

ይድረስ ለእማዬ፣ ለጋሼ፣ ለእትዬና ለመላው ቤተ ሰብ፤

እኔ ከብርዱ በቀር ደኅና ነኝ፤ ብርዱም ቢሆን እየለመደኝ ነው።

እማዬ፣ ስለ ጣሪያው ቆርቆሮ መጨቅጨቁን ለጊዜው ተዪልኝ። በዕረፍት ቀኔ ፎርቲንጋል የምትባል አንዲት የስኮትላንድ መንደር ሄጄ ነበር። ዶናልድ ከሪ የሚባል የመርከብ ቱጃር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1890ዎቹ መጀመሪያ ቤቶቿን ሲያሠራ ሣር ነው ያስከደነው። ቱጃር! ፈረንጅ ከሩቅ እየመጣ ፎቶ ያነሣዋል፤ አንቺ ደግሞ ቆርቆሮ ካልላክህ ትዪኛለሽ።

ጋሼ፣ በአስጎብኚነትህ ተፎካካሪ አግኝቼልሃለሁ። ቤተ ክርስቲያናቸው ግቢ ውስጥ ጥድ የሚመስል የጥንት ዛፍ አለ፤ አንዲት አሮጊት አስጎበኙኝ። ዕድሜውን ብጠይቃቸው ሁለት ሺህ ዓመት አሉኝ። ዛፉን ስንዞረው ሦስት ሺህ ሆነ፤ ስንሰናበት አምስት ሺህ ሞላው። አንተን አየሁባቸው! በ1769 ሲለካ ዙሪያው ከ15 ሜትር በላይ ነበር፤ ጎብኚ ለማስታወሻ እያለ ቢቆራርጠው አጥር አጠሩለት። ዛፉ ወንድ ነው፤ በፈረንጆቹ 2015 ግን አንዱ ቅርንጫፉ ሴት ሆኖ ቀይ ፍሬ አፈራ። እትዬ፣ ይቺን ለንስሐ አባታችን እንዳትነግሪ፤ ቶሎ ና ይሉኛል።

ከዚያ አሮጊቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጴንጤናዊው ጲላጦስ እኮ እዚህ ተወለደ ይባላል» አሉኝ። «ታዲያ ምን ያሳፍራል? እኛ ዘንድ ቅዱስ ነው፤ ስንክሳሩ በሰኔ ያነሣዋል» አልኳቸው። ከዘራቸው ወደቀ። ጎረቤት ተጠራ፣ ሻይ ተፈላ። አንዱ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ሌላው አገራችን ላስታ ውስጥ ዘር ትቶ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጋሼ፣ ያንተው የእህት ልጅ አይደለሁ? «እሱን አጎቴ ያውቃል» አልኩ። ስለ ላሊበላም ነገርኳቸው። አሥራ አንዱን ቤተ ክርስቲያን ከአለት ማን ፈለፈለው ቢሉኝ፣ «ቀን ሰው፣ ሌሊት መላእክት» ብዬ መለስኩ። አሮጊቷ ባላቸውን ገልመጥ አድርገው፣ «የኛዎቹ የቀኑንም አይሠሩት» አሉ።

ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። የገና ሌሊት ቤዛ ኩሉን ከስልክ እየሰማሁ ማደሬ ትዝ አለኝ። ጧፍ እንኳ አላበራሁም፤ ጣሪያው ላይ ጭስ ሲሸተው የሚጮህ ነገር አለ። ሽንኩርት ባቁላላሁ ቁጥር ይቀድስልኛል፤ ድምፁ ከመሪጌታችን ይሻላል።

ጋሼ፣ ጲላጦስ ያለበትን የስንክሳር ገጽ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ፎርቲንጋሎች ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን ብለዋል። አደራህን ግን፣ ፈረንጅ ይዘህ ቤተ ጊዮርጊስ ስትወርድ እሱንም ትረካህ ላይ እንዳትጨምር።

ናፋቂያችሁ