አንበሳ ወይስ ሚዛን?

በቼዝም ሆነ በዳማ ውድድር ሁለት ሰዎች እኩል ነጥብ ይዘው ሲጨርሱ ቶሎ ብሎ ኪሱን የሚዳብስ ዳኛ ምስጋና ይገባዋል። ሁለቱ ከጠዋት ጀምሮ አንገታቸውን ደፍተው ያሰሉትን እሱ በአንድ ብር ሳንቲም ይገላግላቸዋል። ለዚያውም ሳንቲሙ በአንድ ገጹ አንበሳ፣ በሌላው ሚዛን ስላለበት ፍትሕ ተጓደለ የሚል ቢመጣ ገልብጦ ማሳየት ነው። ደንብ መጻፍ የለ፣ ማን ማንን እንዳሸነፈ መቁጠር የለ። ሚዛን ብሎ የቀናው ዋንጫውን ይዞ ይሄዳል፤ ሌላው ደግሞ ሲያስብ የዋለው በከንቱ መሆኑን ተምሮ ይመለሳል።

እንዲህ ያለ ጥበብ አዳራሽ ውስጥ ተሸሽጎ መቅረት የለበትም። ፍጻሜው እንጦጦ ማርያም ይሁን፤ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑበት ደብር ለአንድ ሻምፒዮን አያንስም፣ የተራራው ነፋስም ለማንም አያዳላም። ሯጮቻችን እዚያ ሳንባቸውን ሲያጠነክሩ የቼዝ ተጫዋቾቻችን ከጎናቸው አውራ ጣታቸውን ያጠነክራሉ። ሳንቲሙ ከዳኛው እጅ አምልጦ ቁልቁለቱን ከያዘ እውነተኛው ውድድር ገና መጀመሩ ነው። ዋና ዳኛው ካፖርቱን ሰብስቦ ይከተለዋል፤ ረዳቱ በታክሲ ቀድሞ ሽሮ ሜዳ ላይ ይጠብቀዋል። ከሀበሻ ልብስ ሻጮቹ መሀል ገብቶ ቢሰወር እማኝ ይቆጠራል፤ አንዷ ነጋዴ መልስ ሰጥታበት ከተገኘች ውጤቱ እስኪጣራ ዋንጫው ይታገዳል። ስድስት ኪሎ ደርሶ ቢቆም ደግሞ ተሸናፊው ይግባኝ ይላል፤ አንበሳ ግቢ በር ላይ የወደቀ አንበሳ ለዘመዶቹ ማድላቱ አይቀርምና።

«ዕጣ ምን ነውር አለበት? ዕቁብስ በምን ይወጣል?» የሚል አይጠፋም። ዕቁብ ላይ ዕጣ የሚወስነው ተራን ብቻ ነው፤ ዛሬ ያልደረሰው ሌላ ጊዜ ይደርሰዋል፣ ብሩም የራሱ ነው። ዋንጫ ግን ዙሩን ጠብቆ የሁለተኛውን ቤት አያንኳኳም። «ትልልቆቹስ አድርገውት የለ?» ለሚለው፣ አዎ፣ አድርገውታል። እ.ኤ.አ. በ1983 የቼዝ ሊቃውንቱ ስሚስሎቭና ሁብነር ለዓለም ሻምፒዮንነት በሚደረገው ማጣሪያ ኦስትሪያ ቬልደን ውስጥ 14 ጨዋታ ተጫውተው 7 ለ 7 ሲሆኑ አላፊው በቁማር ቤት ሩሌት ተለየ። ኳሷ መጀመሪያ ዜሮ ላይ አረፈች፤ ሩሌት እንኳ አልፈርድም አለች ማለት ነው። እንደገና ተሽከርክራ ስሚስሎቭ አለፈ። ዛሬ ግን ለዓለም ሻምፒዮንነት የሚጋጠሙ ሁለት ሰዎች እኩል ሲሆኑ የሚለዩት በፈጣን ጨዋታ ነው። ቡክሆልዝ የሚባለው ስሌትም አለ፤ የተጋጣሚዎችህን ነጥብ ደምሮ ከእነማን ጋር እንደታገልክ ይመዝናል። ተጋጣሚህን ስለማትመርጥ ዕድል አለበት ቢባል እውነት ነው፤ ቢሆንም የሚቆጥረው ሰሌዳ ላይ የሆነውን ነው።

አባቶቻችን በአገራችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ ማን አሸነፈ ብቻ ሳይሆን እንዴት አሸነፈ ብለውም ይመዝኑ ነበር፦ በፈረስ ማት ማድረግ አያስመካም፣ በፊል (በዝሆኑ) ያስመሰግናል፣ በመደቆች (በወታደሮቹ) ያስደንቃል። እኛ ይህን ትተን ሳንቲም እንወረውራለን። ይህ ዳኝነት አይደለም፤ ስንፍና ነው። ደንቡ ከመጀመሪያው ዙር በፊት ይለጠፍ፦ እርስ በርስ ሲገናኙ ያሸነፈ ይቅደም፤ ያ ካልለየ ቡክሆልዝ፣ እሱም ካልለየ የ5 ደቂቃ ጨዋታ። ጊዜ የለንም የሚል አዘጋጅ የመዝጊያ ንግግሩን በ10 ደቂቃ ያሳጥር።