ስለ መጸዳጃ ቤት ቁልፍ አያያዝ የወጣ አዋጅ

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የሕፃን ፊኛ ግን ከሞጆ የማያሻግር በመሆኑ፤

የድሮ ወዳጆቻችን ‹‹ልጆቹን ይዛችሁ ኑ እንጂ፣ ምን ትሆናላችሁ!›› ብለው ዓመት ሙሉ ስለወተወቱን፤

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 የሕፃናት ደኅንነት በቅድሚያ እንዲታሰብ ቢያዝም፣ ትእዛዙ ከመቂ ወዲያ ያለ አንድ ማደያ በር ላይ ያልደረሰ በመሆኑ፤

በኋላ ወንበር ተሳፋሪዎች ሙሉ ድምፅ የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርእስ
ይህ አዋጅ ‹‹የቁልፍ አዋጅ›› ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

2. ትርጓሜ
‹‹ሕፃን›› ማለት ከቤት ሲወጣ ‹‹ሽንትህ መጥቷል?›› ተብሎ ተጠይቆ ‹‹አልመጣም›› ያለ ሰው ነው።

3. ስለ መግባት መብት
(1) ሽንቷ የመጣ ሕፃን መንገድ ዳር ባገኘችው መጸዳጃ ቤት ትገባለች።
(2) የንዑስ አንቀጽ (1) ድንጋጌ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በሩ ላይ ‹‹ለተስተናጋጅ ብቻ›› ተብሎ ከተጻፈ ተስተናጋጅ መሆን አለባት።
(3) ነዳጅ የቀዳ ሰው ተስተናጋጅ አይደለም። ነዳጁ የማደያው፣ መጸዳጃ ቤቱ የካፌው ነው። ማደያውና ካፌው አጥራቸውም ጥበቃቸውም አንድ መሆኑ ይህን አያስቀርም።
(4) ማኪያቶ ያዘዘ ተስተናጋጅ ነው፤ ሆኖም ማኪያቶው እስኪቀርብ ድረስ ገና አልተስተናገደም።
(5) ማኪያቶው ሲቀርብ፣ ያዘዘው አባት ስለሆነ የመግባት መብቱ የአባት ነው። ሽንቱ የልጅቷ መሆኑ ግምት ውስጥ አይገባም።
(6) ለልጅቷ ለስላሳ ቢታዘዝላት መብቷ ይከበራል፤ ሽንቱም ይጨምራል።
(7) ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ ቢሟሉም፣ ቁልፉን የያዘችው ልጅ ምሳ ወጥታለች። ስልኳም አይሠራም።
(8) ልጅቷ እኮ አራት ዓመቷ ነው! እግሯን አጣምራ፣ የቀሚሷን ጫፍ ጨምድዳ ይዛ፣ ‹‹አባዬ፣ አመለጠኝ›› ስትል ማንም እንዳይሰማት በሹክሹክታ ነው። ጥበቃው ሰማ። ሳቀ። ሲስቅ ካፖርቱ ተከፈተ፤ ቁልፉ እዚያው ነው፤ ክንድ በሚያህል እንጨት ላይ ታስሮ፣ ኪሱ አልበቃው ብሎ ግማሹ ወጥቶ ይታያል። ምሳ የወጣችው የቷ ልጅ ናት? ይቺ ሽንት ቤት ምን ተቀምጦባት ነው?
(9) ንዑስ አንቀጽ (8) ከአዋጅ ቋንቋ ውጪ ነው ተብሎ እንዳይሰረዝ።

4. የወዳጆች መብት
ሐዋሳ ያሉት ወዳጆች ‹‹የት ደረሳችሁ? ምሳው ቀዘቀዘ›› እያሉ መደወል ይችላሉ።

5. ቅጣት
ቁልፍ ይዞ ‹‹የለም›› ያለ ማንኛውም ሰው ሁለት ሊትር ውሃ ጠጥቶ፣ በሁለቱ ልጆቼ መሀል ተቀምጦ እስከ ሻሸመኔ ይጓዛል። ዝዋይ ላይ ዓሣ ለመግዛት እንቆማለን። እሱ አይወርድም። ይግባኝ ካለው፣ ይግባኝ ሰሚዋ ምሳ ወጥታለች።

6. ስለ ተሻሩ ጉዳዮች
የማኪያቶው ሒሳብ በዚህ አዋጅ ተሽሯል።