የውሻው አፍንጫ

ተረት ተረት። የላም በረት።

በአንድ ወንዝ ዳር የሚኖሩ እንስሳት ማታ ማታ ዋርካ ሥር ተሰብስበው የእማማ ኤሊን ተረት ይሰሙ ነበር። የተረቱ ጀግና ሁልጊዜ ጦጣ ናት። አያ ጅቦን ባታለለች ቁጥር ዋርካው በሳቅ ይናወጣል። አድማጩ ግን ውሎ አድሮ ከትናንቷ ይልቅ ብልህ የሆነች ጦጣ ይጠይቅ ጀመር።

ኤሊ ተጨነቀች። እሷ ያልደረሰችበትን ብልሃት ለጦጣ ከየት ታምጣላት? በመጨረሻ መላ አገኘች፤ ጦጣን ከፍ ማድረግ ቢያቅታት ሌላውን ዝቅ አደረገች። የትናንት መንገደኛን ዱካ አሽትቶ የሚለየው ውሻ፣ በተረቱ ውስጥ አጠገቡ የቆመው ሌባ አልሸተተውም። ዝሆን ወደ ውኃ የሚወስደውን መንገድ ረሳች። ጉንዳን ለክረምት ማከማቸት ጠፋት። ፍንጩን ደግሞ ኤሊ ከድንጋይ ልብሷ ውስጥ ደብቃ ታቆየውና መጨረሻ ላይ ለጦጣ ትሰጣታለች። ሁሉም "አቤት ጭንቅላት!" ይላል።

ይህ የኤሊ ብቻ ዘዴ አይደለም። ደራሲው ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1887 ለአንባቢ ባቀረበው በመርማሪው ሸርሎክ ሆምስ ታሪክ ውስጥ ጓደኛው ዶክተር ዋትሰን ጦር ሜዳ የዋለ ሐኪም ነው፤ ዋና ሥራው ግን መደነቅ ሆኗል። የስኮትላንድ ያርድ ፖሊስ መርማሪዎችም ሆምስ እንዲያበራ ይሳሳቱለታል።

ወደ ወንዙ ዳር ስንመለስ፣ አንድ ክረምት ደጋው ላይ ሲዘንብ ሰነበተ። ውሻ የጎርፉን ጭቃ ከሩቅ አሸተተ። ጉንዳኖች እንቁላላቸውን ተሸክመው ወደ ጉብታው ወጡ። ዝሆን የምድሩን መንቀጥቀጥ በእግሯ ሰማችው። ሁሉም አውቀው ሳለ "እኛ ምን እናውቃለን? ጦጣ ትምጣ!" ተባባሉ። ጦጣ ተጠርታ መጣች።

"እኔ እኮ የማውቀው ዛፍ መውጣት ነው" አለችና ወጣች።

ውኃው ሌሊት ደረሰ። ጎተራውንና የሚዳቋን ግልገሎች ጠርጎ ወሰደ።

በማግስቱ የዝሆን ግልገል ኤሊን ጠየቃት።

"እማማ ኤሊ፣ ጦጣ ሌባውን ስትይዝ እናቴ ምን ትሠራ ነበር?"

"ትደነቅ ነበር፣ ልጄ።"

"ሌላስ?"

ኤሊ መልስ አጣች። የዚያን ዕለት ማታ ውሻ የሚያሸትበት፣ ጦጣ የምትሳሳትበት፣ ጉንዳን የምታርማት ተረት ጀመረች። አንዳንዱ አድማጭ ቅር ብሎት ተነሥቶ ሄደ። የቀሩት ግን ሌባውን ከጦጣ ቀድመው ለዩት።

ልብ ወለድ የምትጽፉ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ለውሻው አፍንጫውን መልሱለት።