አህያውን ፈርቶ አንቴናውን

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በግንደ ወይን አድርጎ ሞጣ የሚገባ መኪና መንገድ ላይ ብዙ ነገር ይጎድለዋል፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚጎድለው ግን ሬዲዮው ነው። መጀመሪያ ዜና አንባቢው ጉንፋን የያዘው ይመስላል። ቀጥሎ ቃላቱ እንደተበጠሰ መቁጠሪያ አንድ በአንድ ይረግፋሉ። በመጨረሻ የሚቀረው ሽንኩርት የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው። ረዳቱ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ አንቴናውን ይይዛል፤ ያዞረዋል፣ ይስበዋል፣ ያጎብጠዋል። ከኋላ ወንበር ምክር ይዘንባል፦ አንዱ የጃንጥላ ዘንግ ይቀጠልበት ይላል፣ ሌላው የልብስ መስቀያ ሽቦ፣ ሦስተኛው ደግሞ ቴፑን በጡጫ መምታት ፍቱን ነው ብሎ ይምላል። ጮቄ ተራራ ከጎናቸው ቆሞ ያያል፤ እሱን የሚከስ ግን የለም። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ማለት ይህ ነው። ተራራውን መምታት ስለማይቻል አንቴናው ይመታል።

ድሮ ወንጀለኛ ከሚፈለግባቸው መንገዶች ሁለቱን እናንሳ። አንደኛው ሌባ ሻይ ነው። አንድን ልጅ መድኃኒት አጠጥተው፣ ወገቡን አስረው በመንደሩ ይለቁታል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፣ ይግባኝም የለውም። ሁለተኛው በላ ልበልሃ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት ቆመው፣ ዋስ ጠርተው፣ ማርና ፈረስ ተወራርደው፣ ነገሩን ከሥሩ እየመረመሩ ይሟገታሉ። ሌባ ሻይ ከቀረ ዘመናት አልፈዋል፤ በመኪና ሬዲዮ ላይ ግን ዛሬም ይሠራበታል። ጣታችን ሁልጊዜ ብቅ ብሎ የሚታየው ዕቃ ላይ ያርፋል፣ ከመኪና ላይ ደግሞ ከአንቴና በላይ ብቅ ያለ የለም። እኔ የምለው ነገሩ ወደ በላ ልበልሃ ይመለስ ነው። በአንቴናው ላይ ከመፈረዱ በፊት መሬቱ፣ ቴፑና የመኪናው ሌሎች ሽቦዎች ቃላቸውን ይስጡ። እንዲህ ከተደረገ አንቴናው ብዙ ጊዜ በነፃ ይሰናበታል፤ ጥፋተኛ ሆኖ ሲገኝም ጥፋቱ እኛ በጠረጠርነው ቦታ አይደለም።

የመጀመሪያው ምስክር መሬቱ ነው። ኤፍ ኤም ከ88 እስከ 108 ሜጋ ኸርትዝ ባለው መስመር ይሠራል፤ የሞገዱ ርዝመት ሦስት ሜትር ገደማ ነው። ይህ ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል፣ ጋራ ሲገጥመው ከጫፉ ላይ ጥቂት ይጎብጥ እንደሆነ እንጂ ዞሮ አይመጣም። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ እንኳ በ100 ሜትር ምሰሶ ጫፍ የተሰቀለ ማሰራጫ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሲደረስ በመሬት ክብነት ብቻ ከመኪና አንቴና እይታ ይሰወራል። ማሰራጫው ተራራ ላይ ከተሰቀለ ርቀቱ ይጨምራል፤ ችግሩ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ተራራው ሁልጊዜ ከማሰራጫው ወገን አለመቆሙ ነው። ማሰራጫው ደብረ ማርቆስ ቆሟል እንበል፤ ከዚያ ወደ ሞጣ በካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያሰመረ ሰው እርሳሱ ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚቆመው ወደ ጮቄ ይወጣል። ሞጣ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ብትቀመጥም፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያ ሁሉ ድንጋይ አለ። ቢቸናም ከአዲስ አበባ በአየር መስመር ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ በመካከል ደግሞ ጥልቀቱ ከ1,000 ሜትር የሚበልጠው የዓባይ በረሃ ተዘርግቷል። እንግዲህ የአዲስ አበባው 97.1 ወይም 102.1 ቢቸና ላይ አልሰማ ቢል፣ አንቴናውን መውቀስ ለዓባይ ሸለቆ ጠበቃ መቆም ነው።

«ታዲያ ድሮ እንዴት ይሰማ ነበር?» የሚል ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሳል፤ ተቃውሞውም ከባድ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩ በአብዛኛው የሚያጠነጥነው ዲማ ጊዮርጊስ ላይ ነው፤ ዲማ ደግሞ የቢቸና ጎረቤት ናት። ወጋየሁ ንጋቱ ያንን መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ የዲማ ታሪክ አዲስ አበባ ደርሶ ያንኑ ዓባይ ተሻግሮ ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። ያን ጊዜ ዓባይ አልነበረምን? ነበረ። ያልነበረው ኤፍ ኤም ነው። ያንን ድምፅ ይሸከሙ የነበሩት መካከለኛና አጭር ሞገድ ናቸው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ በሚታወቅበት በ873 ኪሎ ኸርትዝ ሞገዱ 340 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ይህን ያህል የተንዠረገገ ሞገድ ጉብታውን እንደ ጠጠር ይራመደዋል፣ መሬት ለመሬትም ይሄዳል፣ ሲመሽ ደግሞ ከላይኛው አየር ጋር ተላግቶ ሩቅ አገር ያድራል። የዛሬ ሾፌር ግን ለዚህ ሞገድ የተሠራውን፣ ኤ ኤም የሚለውን ቁልፍ ነክቶት አያውቅም፤ ቁልፉ ላይ ያለው አቧራ ይመስክር። ስለዚህ ከአንቴናው በፊት የሚሞከረው ነፃ መድኃኒት ይህ ነው፦ ቴፑን ወደ ኤ ኤም አዙሮ መፈለግ። ድምፁ እንደ ኤፍ ኤም የጠራ አይሆንም፣ መብረቅና ሞተር ይረብሹታል፤ ግን ይመጣል። ጥርት ብሎ ከቀረ እንግዳ እየተንኮሻኮሸ የደረሰ ይሻላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከጣሪያ ላይ የሚመጣ ነው። «አባቴ ሽቦውን ከባሕር ዛፉ ወደ ቤቱ ጉልላት ሲዘረጋው ሬዲዮው ወዲያው ይናገር ነበር፤ አንቴና በረዘመ ቁጥር ይስባል» የሚል ሰው በየመናኸሪያው አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ግን የሌላ ዘመን እውነት ነው። ያ ሽቦ ይስብ የነበረው አጭር ሞገድን ነው፦ በ1957 ዓ.ም. የጀመረውን የጀርመን ድምፅን፣ ኋላም በ1975 ዓ.ም. የጀመረውን የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት። እነዚያ ሞገዶች አሥራ ሦስትም አርባ ዘጠኝም ሜትር ስለሚረዝሙ ረጅም ሽቦ ያስደስታቸዋል። ኤፍ ኤም ግን ልኩን ያውቃል። የሞገዱ ሩብ 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የድሮ መኪኖች አንቴና ያን ያህል የሆነውም ለጌጥ አልነበረም። በዚያ ላይ የጃንጥላ ዘንግ መቀጠል ለአጭር ሰው የረጅም ሰው ሱሪ እንደማልበስ ነው፤ ጨርቁ በዛ እንጂ እግሩ አልረዘመም። ሾፌሩ ያተረፈው ነገር ቢኖር ዛፍ ሥር ሲያልፍ ቅርንጫፍ መቁጠር ነው።

ሁለተኛው ምስክር ቴፑ ራሱ ነው፤ እዚህ ላይ ነገሩ ከጎጃም ወጥቶ ጃፓን ይገባል። በመንገዳችን ላይ ከሚሽከረከሩት መኪኖች ብዙዎቹ ጃፓን ውስጥ አገልግለው የመጡ ናቸው። የጃፓን ኤፍ ኤም ለረጅም ጊዜ ከ76 ሜጋ ኸርትዝ ጀምሮ 90 ላይ ይቆም ነበር፤ ከዚያ በላይ ያለው ሰፈር እስከ 2004 ዓ.ም. ድረስ የአናሎግ ቴሌቪዥናቸው ነበር። እኛ ዘንድ ግን የባሕር ዳሩ 96.9ም፣ የአዲስ አበባዎቹ 97.1፣ 98.1ና 102.1ም ሁሉም ከ90 በላይ ናቸው። እንዲህ ያለ ቴፕ የያዘ መኪና ማሰራጫው ሥር ቢቆም እንኳ አንድ ቃል አይሰማም፤ አንቴናውን የአክሱም ሐውልት ብናክልለትም አይሰማም። ለዚህ ተብሎ ከቴፑ ጀርባ በአንቴናው መስመር ላይ የምትገጠም ትንሽ መቀየሪያ አለች። ሥራዋ መቀነስ ነው፤ 15 የምትቀንስ ከሆነች 97.1 በ82.1 ላይ፣ 102.1 በ87.1 ላይ ይገኛል። ሬዲዮው ዋሽቶ አይደለም፣ በራሱ አቆጣጠር እየተናገረ ነው። ከዓለም ሰባት ስምንት ዓመት ቀንሰን፣ ከሰዓቱም ስድስት ቀንሰን የምንኖር ሰዎች በዚህ መገረም አይገባንም። ነገር ግን መቀየሪያዋ መብራት ትፈልጋለች። ሽቦዋ አንድ ቀን ሲላቀቅ ጣቢያው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠፋል፣ እንደ ልማዱም አንቴናው ይከሰሳል።

ሦስተኛው ምስክር ከመኪናው ውስጥ የሚነሳው ጫጫታ ነው። «ከጎኔ የቆመው አይሱዙ እየሰማ የእኔ የማይሰማው ለምንድን ነው?» የሚለው ክርክር ጠንካራ ይመስላል፤ ግን የኤፍ ኤም ሞገድ ከገደልና ከቆርቆሮ ጣሪያ ተላግቶ ሲመለስ ከቀጥተኛው ጋር እየተጋጨ አንዱ ቦታ ላይ ይዳከማል፣ አንድ ሜትር አለፍ ብሎ ይበረታል። መኪናውን ፈቀቅ አድርጎ ድምፁ ከተመለሰ፣ የጎረቤቱ አይሱዙ የቆመበት ቦታ እንጂ አንቴናው አልበለጠም። «ዓምና እዚሁ ይሰማ ነበር» የሚለው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጠየቅ፦ ከዓምና ወዲህ መኪናው ላይ ምን ተጨመረ? ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የተሰካው ርካሽ የስልክ ቻርጀርና ከፊት የተደረደረው ኤል ኢ ዲ መብራት ሁለቱም ደካማ ጣቢያን የሚያደነቁር ሽሽታ ይረጫሉ፤ ነቅሎና አጥፍቶ መስማት ሳንቲም አይጠይቅም። ነዳጅ ሲረገጥ አብሮ የሚያፏጭ ድምፅ ከሆነ ዲናሞው ይጠየቅ። ጠጠጠ የሚል ከሆነና መኪናው የቤንዚን ከሆነ ካንዴላውና ገመዱ ይታይ፤ ናፍጣ ሞተር የካንዴላ ብልጭታ ስለሌለው በዚህ አይታማም። ፍላሽ ሲጫወትም ፉጨቱ ካልጠፋ፣ ፍላሽ ደግሞ አንቴና ስለማይፈልግ፣ ተከሳሻችን በዚያ ሰዓት እዚያ አልነበረም ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ የመከላከያ ምስክር የትም ችሎት አይገኝም።

ይህ ሁሉ ሲባል አንቴናው ጻድቅ ነው አልተባለም። ጥፋቱ ግን ከጫፉ ሳይሆን ከእግሩ ነው። ፓራፋንጎው ላይ የተተከለ አንቴና ሥር ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው የተሰነጠቀ ጎማ፣ በጎማው ስንጥቅ የገባ የቢቸና ዋልካ፣ ከዋልካው ሥር ደግሞ ቡናማ ዝገት ያገኛል። አንቴና የሚሠራው ከላሜራው ጋር ተጋግዞ ነው፤ ላሜራው መካኒኮች ማሳ የሚሉት የኤሌክትሪክ መመለሻ ነው፣ ማሳው ሲቋረጥ ዘንጉ ብቻውን የቀረ ግማሽ አንቴና ይሆናል። መኪናው በቅርቡ ቀለም ከተቀባም ያው ነው፤ ቀለሙ አምሮ ማሳውን ይሸፍነዋል። ብሎኑን ፈትቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ላሜራው እስኪነጣ አሽቶ፣ መልሶ ማጥበቅ የጃንጥላውን ዘንግ ያስንቃል። ኤሌክትሪሻኑ በቴስተር ሦስት ነገር ይለካል። ከዘንጉ እስከ መሰኪያው መካከለኛ ጫፍ ማለፍ አለበት፤ ከመካከለኛው ጫፍ ወደ ውጭኛው ቀለበት ማለፍ የለበትም፤ ከቀለበቱ ወደ ላሜራው ማለፍ አለበት። ይህ ማጉያ ለሌለው ተራ አንቴና ነው። መስታወት ላይ የታተመውና ማጉያ ያለው ግን ከቴፑ በሚወጣ ሽቦ፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ በሆነው፣ መብራት ካልመጣለት ይተኛል። ባለ ሰፊ ስክሪን አዲስ ቴፕ ሲገጠም ያችን ሽቦ ረስቶ በፕላስተር መጠቅለል የተለመደ ነው፤ ባለቤቱም በትልቅ ስክሪን ላይ በጥራት የተጻፈ የጣቢያ ቁጥር እያየ ሽሽታ ያዳምጣል።

የመጨረሻው ተቃዋሚ ስልኩን አውጥቶ ይስቃል፦ «በዚህ ዘመን ሬዲዮ ምን ያደርጋል? ሁሉም በስልክ አለ።» ለዚህ ሰው መልሱ አጭር ነው። ስልኩም አንቴና አለው፣ ምሰሶም ይፈልጋል፤ ምሰሶውን የሚጋርደው ጋራ ያው ነው። ልዩነቱ ሬዲዮ አንድ ጊዜ ከተገዛ ካርድ አለመጠየቁ ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋም ደካማ ቢሆን የሆነ ነገር ማጉረምረሙ ነው። ፍላሹም ቢሆን ከሞጣ ወደ ባሕር ዳር ያለው መንገድ ዛሬ ክፍት መሆን አለመሆኑን አይነግርም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ያንኑ ዘፈን ይደግማል።

ስለዚህ ፍርዱ እንዲህ ይሁን። ሬዲዮ አልስብ ሲል መጀመሪያ መኪናው የቆመበት መሬት ይጠየቅ፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከሰማ ነገሩ እዚያው አለቀ። ቀጥሎ ቴፑ የየት አገር ሰው እንደሆነ ይጣራ። ቻርጀሩ ይነቀል፣ ዲናሞው ይደመጥ። እግሩ ሥር ያለው ዝገት የሚፋቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ አዲስ አንቴና የሚገዛው ደግሞ ዝገቱ ከተፋቀ በኋላ። እስከዚያ ድረስ አንቴናው በዋስ ይለቀቅ። ዋሱም ጮቄ ይሁን፤ ዕዳው ግማሹ የራሱ ነው፣ በቀጠሮው ቀንም ከቦታው ታጣ ተብሎ አይታማም።