የጠፋ የሞዴል አውሮፕላን ፍቅር የት እንደሚገኝ የቀረበ ጥናት

የዚህ ጥናት ዋና ዓላማ፣ ጤናማ፣ ሥራ ያለውና ግብሩን በወቅቱ የሚከፍል አንድ ጎልማሳ የፕላስቲክ አውሮፕላን ለመገጣጠም የነበረው ፍቅር የት እንደገባ ማጣራት፣ ከተቻለም ማስመለስ ነው። ንዑስ ዓላማው የምግብ ጠረጴዛውን ለቤተሰቡ ማስመለስ ሲሆን፣ ይህኛው የተጨመረው በባለቤቱ ጥያቄ ነው። በጥናቱ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የተጠኚዎች ብዛት አንድ ነው፤ አንድ መሆኑም ከበቂ በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

ተጠኚው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር፣ ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ የታክሲ ሹፌር ነው። ቀኑን ሙሉ እውነተኛ አውሮፕላን ሲያርፍና ሲነሳ እያየ ይውላል። ማታ ራቱን ከበላ በኋላ ደግሞ 72 ጊዜ ያነሰውን ያወጣል፤ ማለትም፣ ያወጣ ነበር። ለማያውቅ አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ 1/72 ማለት ቁመቱ ስድስት ጫማ የሆነ ሰው አንድ ኢንች የሚሆንበት ልክ ነው። በዚህ ልክ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ አብራሪ ከአንድ የባቄላ ፍሬ ብዙም አይበልጥም፤ እጁ የሚነካውም በወረንጦ ነው።

ችግሩ የሚገለጥበት መንገድ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሰውየው ሳጥኑን ሲገዛ ፊቱ ይበራል። ክፍሎቹን ከፍሬማቸው ቆርጦ፣ ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ ኮክፒቱን፣ ማለትም የአብራሪውን ክፍል፣ ይጀምራል። ከዚያ እንግዳ ይመጣል። ጠረጴዛው ይጸዳል፤ ሁሉም ነገር ተሰብስቦ ወደ ሳጥኑ ይገባል። እንግዳው ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል፤ ሳጥኑ ግን አይከፈትም። ለረጅም ጊዜ ጥፋቱ በእንግዳው ሲላከክ ቆይቷል። ይህ ጥናት እንግዳውን በነጻ አሰናብቶታል፤ እንግዳ ዝር ባላለባቸው ወራትም ሳጥኑ አልተከፈተምና።

ፍቅር የማይጠፋበት ዘመን እንደነበረ ታሪክ ይመሰክራል። በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል የአገሩ ተማሪዎች 500,000 የእንጨት አውሮፕላኖች እንዲሠሩለት ጠየቀ። ልኩ ያው 1/72 ነው፤ ቀለሙ ጥቁር። ዓላማው ወታደሩ የወዳጅንና የጠላትን አውሮፕላን ከቅርጹ እንዲለይ ማሠልጠን ሲሆን ስሌቱም የሚያምር ነው፤ አሥር ሜትር ርቆ የተሰቀለ ሞዴል 720 ሜትር ላይ ያለውን እውነተኛ አውሮፕላን ያክላል። ልጆቹ ጎንበስ ብለው ሠሩ። የተጣመመው ተመለሰባቸው፤ የተቃናው ምስክር ወረቀት አስገኘላቸው። ጥቁሩ ጥቁር ነበር፤ የትኛው ጥቁር ብሎ የሚከራከር ጦርነቱን ያዘገያል።

ከጦርነቱ በኋላ ዘመኑ የፕላስቲክ ሆነ። የእንግሊዙ ኤርፊክስ በ1953 ስፒትፋየር የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን ሞዴል ለገበያ ሲያቀርብ፣ ሞዴሉ እውነተኛውን በሩቁ ብቻ የሚመስል እንደነበር የዘርፉ ሰዎች ዛሬም ይስማማሉ። ልጆች ግን በኪስ ገንዘባቸው ገዝተው፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ገጣጥመው፣ ሙጫው ሳይደርቅ አበረሩት። በጃፓን ሺዙኦካ በ1946 እንጨት በመሸጥ የጀመረው ታሚያ በ1960 የመጀመሪያውን የፕላስቲክ ሞዴል፣ ያማቶ የተባለችውን የጦር መርከብ አውጥቶ በርካሽ ተፎካካሪ ተበለጠ። እሱም ፍቅሩ ሊጠፋ ይችል ነበር። አልጠፋም፤ የፓንተር ታንክ ሠርቶ ተነሣ። ዛሬ የታሚያ ክፍሎች ከመግጠማቸው የተነሣ፣ ሳጥኑ ውስጥ ሙጫ ጠብ አድርገህ ብትነቀንቀው አውሮፕላኑ ራሱን ችሎ ይወጣል የሚል ቀልድ አለ።

እዚህ ላይ ጥናቱ ወደ አንድ አስቸጋሪ ግኝት ይደርሳል። ኪቱ፣ ማለትም በሳጥን የሚሸጠው የሚገጣጠም ሞዴል፣ እየተሻሻለ በሄደ ቁጥር ሠሪው እየታመመ ሄዷል። ክፍሎቹ በማይገጥሙበት ዘመን ሰው ስቱኮ ሞልቶ፣ አሽቶ፣ ቀብቶ ይገላገል ነበር። አሁን ሁሉም ስለሚገጥም የሚያሳስበውን ነገር ከሳጥኑ ውጭ ይፈልጋል፤ ፈልጎም አያጣም።

ለምሳሌ በክንፉ ላይ የተቀረጹትን የመጋጠሚያ መስመሮች እንውሰድ። ግማሽ ሚሊሜትር ስፋት ያለው መስመር በ72 ሲባዛ 36 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህን ያህል ክፍተት ያለው አውሮፕላን ላይ የሚሳፈር መንገደኛ ጃንጥላ ይዞ መግባት አለበት። ሙጫ የነካ አውራ ጣት ክንፉ ላይ 15 ሚሊሜትር አሻራ ቢያትም፣ በእውነተኛው ልክ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ አሻራ ነው፤ መርማሪ ፖሊስ ቢጠራ ቁመቱ 122 ሜትር የሆነ ተጠርጣሪ ለመፈለግ ይገደዳል። ተጠኚው ይህን ስሌት ሠርቶ ጨርሷል። ክንፉን ግን አልጨረሰም።

ከደለስ ማረፊያ አጠገብ የስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ቅርንጫፍ የሆነው ኡድቫር-ሄዚ ማዕከል አለ፤ ኮንኮርድም፣ ዲስከቨሪ የተባለችው የጠፈር መንኩራኩርም እዚያ ቆመዋል። መግቢያው ነጻ ነው፤ የሚያስከፍለው የመኪና ማቆሚያው ነው፤ ይህም ለታክሲ ሹፌር ልዩ ሕመም አለው። ተጠኚው መንገደኛ በጠፋበት ሰዓት ወደዚያ ጎራ ይላል። ሌላው ጎብኚ ኮንኮርድን ቀና ብሎ ሲያደንቅ እሱ አጎንብሶ የጎማ ማቀፊያውን ብሎኖች ይቆጥራል። ዘበኞቹ መጀመሪያ ላይ ተጠራጥረውት ነበር፤ በኋላ ተውት። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የለመዱት አስተያየት እንዳላቸው መገመት ይቻላል።

እንግዲህ የጥናቱ ዋና ንድፈ ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ ፍቅር አይጠፋም፤ መኖሪያ ይቀይራል። ተጠኚው አውሮፕላን መሥራት ባቆመበት ወቅት በተደረገ ምልከታ አዳዲስ ሳጥኖች ገዝቷል፤ ቀለሞቹን በፊደል ተራ ደርድሯል፤ ጸጥ ያለ ይሻላል ብሎ የቀለም መርጫውን ኮምፕረሰር ቀይሯል፤ መብራት አስገብቷል፤ የአንድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን የውስጥ ቀለምን የሚመለከት ወፍራም መጽሐፍ አንብቦ ከደራሲው ጋር በሐሳቡ ተጣልቷል። ለግዢ የተነሣ ሰው ፊቱ ላይ የድካም ምልክት አይታይም። በሙያው ያሉ ሰዎች ያልተከፈቱትን ሳጥኖች ክምችት ይሏቸዋል፤ ያላለቁት የሚቀመጡበትን ደግሞ የጥፋት መደርደሪያ። ክምችቱ ከባለቤቱ ቀሪ ዕድሜ ሲበልጥ የሚጠቀሙበት ምሕጻረ ቃል እንኳ አላቸው፤ እየሳቁ ነው የሚናገሩት፤ ሳጥን መግዛታቸውን ግን አያቆሙም። የተጠኚው ክምችት ከአልጋው ሥር ጀምሮ ቁምሳጥኑን አልፎ የታክሲው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ደርሷል። መንገደኞች ሻንጣቸውን ሲያስገቡ «ይሄ ምንድን ነው?» ይሉታል። «አደራ ነው» ይላል።

ሳታልቅ የተቋረጠችው ሲ-47 የተባለችው የጭነት አውሮፕላን ናት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራ የጀመረው በእነዚህ አውሮፕላኖች ነው፤ ከአሜሪካ ጦር ትርፍ ንብረት ከተገዙት አምስት ሲ-47ዎች አንዷ በሚያዝያ 1946 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ በረረች። ተጠኚው ይህችኑ ሊሠራ ተነሥቶ፣ ኮክፒቱን ጨርሶ፣ የሰንደቅ ዓላማው አረንጓዴ ላይ ሲደርስ ቆመ። የትኛው አረንጓዴ? በእጁ የገቡት የዘመኑ ፎቶዎች ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ በነሱ ላይ አረንጓዴውም ቀዩም ግራጫ ነው። በጠርሙስ የሚሸጡትን አረንጓዴ ቀለሞች ሁሉ ገዝቶ በነጭ ፕላስቲክ ላይ ቀብቶ ደረደራቸው። ባለቤቱ ቀርባ ተመለከተችና «ሁሉም አንድ ናቸው» አለች። ይህ አስተያየት በጥናቱ ውስጥ ያልተካተተው በስሜት የተሰጠ ነው በሚል ነው።

በመጨረሻ በአውሮፕላኗ የተሳፈረ የዓይን ምስክር ተገኘ፤ አዲስ አበባ የሚኖሩት አጎቱ። ቃለ መጠይቁ በስልክ ተካሂዷል።

«ጋሼ፣ በሲ-47 በርረው ያውቃሉ አይደል?»

«ከጅማ መጥቼባታለሁ።»

«አረንጓዴዋ ምን ዓይነት ነበር?»

«አረንጓዴ።»

«እሱማ አዎ፤ ግን ወደ ጥቁሩ ያደላል ወይስ ወደ ቢጫው?»

«አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ? ልጅህስ ደህና ናት?»

ሲጠየቁ ሲጠየቁ እውነቱን አወጡት። ከውጭ ማየቱ ትዝ አይላቸውም። በዚያን ዘመን መንገደኛው ግድግዳውን ተደግፎ በጎን በተዘረጋ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ መሐሉ የጭነት ነው። «ከጅማ እስክንደርስ ያየሁት የቡና ጆንያ ነው» አሉ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ተጠኚው ሲ-47ቷን ወደ ጥፋት መደርደሪያው አዛወራት።

ለማገገሚያ የሚታዘዙት መድኃኒቶች ባጭሩ ይታለፉ። ጠረጴዛ ማጽዳት ይባላል፤ ጸዳ፤ እንጀራ ቀረበበት። እረፍት ውሰድ ይባላል፤ ሰውየው ከዚህ የበለጠ እረፍት ሊወስድ አይችልም። መርከብ ወይም ታንክ ሞክር የሚሉም አሉ፤ ሞክሮ ታንኩን በጭቃው ቀለም ምክንያት አቆመው። ከሁሉ የተሻለው ምክር ርካሽና ቀላል ኪት ገዝተህ፣ ምንም ሳትጨምርበት፣ ከሳጥኑ እንደወጣ በሁለት ቀን ጨርስ የሚለው ነው። ለዚህም ትንሽ ስፒትፋየር ተገዛች። ሆኖም ከሱ በፊት ሳጥኑን የከፈተችው የሰባት ዓመት ልጁ ነበረች።

ልጅቷ የሙያ ሥልጠና የላትም። መመሪያውን አልከፈተችም፤ ጎማዎቹን ረስታለች፤ አብራሪውን ወደ ኋላ ዞሮ እንዲቀመጥ አድርጋዋለች፤ ምክንያቱን ስትጠየቅ «ማን እየመጣ እንደሆነ ያያል» ብላለች፤ በጦር ሜዳ ስልት ረገድ ተቃውሞ አልተገኘለትም። ከዚያም የእናቷን ሮዝ የጥፍር ቀለም አምጥታ አውሮፕላኗን ከአፍንጫ እስከ ጭራ ቀባቻት። የጥፍር ቀለም ማሟሚያ ሞዴሉ የተሠራበትን ፕላስቲክ፣ ፖሊስታይሪንን፣ ይበላል፤ ክንፉ ላይ ሽፍታ የመሰለ ነገር ወጣ። ሥራው ከምሳ እስከ መክሰስ ተጠናቀቀ። ልጅቷ ሙሉ በሙሉ ረክታ ወደ ሌላ ጉዳይ ሄደች።

አባትየው ማስተማር ግዴታው መሆኑ ተሰምቶት ሌላ ወፍራም መጽሐፍ አወጣ። ሊያሳያት የፈለገው ስፒትፋየር ሮዝ ሆና እንደማታውቅ ነው። መጽሐፉ ግን አሳፈረው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አየር ኃይል ዝቅ ብለው ከደመና ሥር እየበረሩ ፎቶ የሚያነሱ አንዳንድ ስፒትፋየሮቹን ፈዛዛ ሮዝ ይቀባቸው ነበር፤ ከሰማዩ ጋር እንዲመሳሰሉ። ተጠኚው ገጹን ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ የልጁን ሥራ ከመጽሐፉ ጋር ጎን ለጎን ይዞ፣ የሷ ሮዝ በጣም እንደደመቀ ነገራት።

«አባዬ» አለችው፣ «የሷ ደመና ደማቅ ነው።»

በጥናቱ መዝገብ መሠረት ሲ-47ቷ ከጥፋት መደርደሪያ የወረደችው በዚያው ሌሊት ነው። ተጠኚው ከተደረደሩት አረንጓዴዎች ቅርብ የነበረውን ጠርሙስ አንሥቶ ቀባ። የትኛው እንደነበር መለያ ወረቀቱን አላየም፤ ወይም አይቶ አልተናገረም። ክንፉን አጣበቀ፤ ጎማዋን አቆመ፤ ተለጣፊዎቹን በውሃ አርሶ አንሳፍፎ አሳረፈ። የአውራ ጣት አሻራ ታትሟል፤ 122 ሜትር የሚረዝመው ተጠርጣሪም በዚህ አጋጣሚ ተይዟል፤ ታክሲ ነጂ ነው። አውሮፕላኗ ከመሬት እንደተነሣች እንጂ እንደተሠራች አልተሰማውም፤ ባለቤቱን ከእንቅልፏ ቀስቅሶ አሳያት። እሷም «አማረች» ብላ ተኛች። በጋብቻው ታሪክ ውስጥ ሁለቱም ወገኖች በአረንጓዴው ላይ የተስማሙት ያን ጊዜ ነው።

ለጥናቱ ምሉዕነት ሲባል ውጤቱ ለዓይን ምስክሩም መቅረብ ነበረበት። አጎትየው በቪዲዮ ስልክ አውሮፕላኗን ግራ ቀኝ እያስገላበጡ አዩ። ስለ አረንጓዴው ምንም አላሉም። ሲጨርሱ «ጆንያው የታለ?» ብለው ጠየቁ።

ተጠኚው በአሁኑ ሰዓት የሲ-47ቷን ሰፊ የኋላ የጭነት በር በምላጭ ቆርጦ እየከፈተ ነው። አንድ ሜትር ግድም ቁመት ያለው የቡና ጆንያ በ1/72 ወደ 14 ሚሊሜትር ይሆናል። ጨርቁ አስቸግሯል፤ የገበያው ክር በዚህ ልክ ከመርከብ ገመድ ይወፍራል። ባለቤቱ ነጠላዋ በአንድ ምሽት ከተሰቀለበት ወርዳ ጠረጴዛው ላይ በማጉያ መነጽር ስትመረመር ስላገኘቻት፣ ከዚያ ወዲህ ነጠላዎቿን ሁሉ በሻንጣ ቆልፋባቸዋለች። ሰውየው ሌሊቱን ሲሰፋ ያድራል፤ ጠዋት ለሥራ ሲወጣ ያፏጫል።

ትናንት ደግሞ አጎትየው ራሳቸው ደወሉ። አንድ ነገር ትዝ ብሏቸዋል። ከጆንያዎቹ አንዱ ላይ፣ ልክ ከጉልበታቸው ፊት ለፊት፣ እግሯን የታሰረች ዶሮ ተቀምጣ ነበር።

ተጠኚው ወረንጦውን አስቀምጦ እርሳስ አነሣ።

«ጋሼ፣ ወሰራ ነበረች ወይስ ቀይ?»

«ገብስማ» አሉ አጎትየው፣ ሳያስቡ። «ጭራዋ ላይ ትንሽ ነጭ ያለባት።»