ፓስቲ የጾም ነው

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ። «ዘንድሮስ እከሳለሁ» ያለው ወዳጃችን በያይነቱን በድርብ እንጀራ ያነሳል፣ ዘይት የተንሳፈፈበት ሽሮ ያስጨምራል፣ አመሻሽ ላይ በሻይ ሁለት ፓስቲ ያወራርዳል። ፓስቲ የጾም ነዋ! ለፋሲካ ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ላልቷል። ቀጥሎ በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ቤተ ክርስቲያን የፈቀደችውን ዳይት ሊከለክል ነው?

በስንፍና ግን አይታማም። ጂም የሦስት ወር ከፍሏል፤ ካርዱ ከኪሱ አይለይም። መስቀል አደባባይም በማለዳ ወጥቶ ደረጃውን ሮጧል፤ ፎቶው አለ። ምናልባት ትንሽ ቢቀንስ ደግሞ ሰፈሩ አይምረውም። «ውይ የኔ ልጅ፣ ምነው ከሳህ? አመመህ እንዴ?» ይላሉ እትዬ፣ ጉርሻውን እየጠቀለሉ። አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ሁለተኛው ይከተላል። ሦስተኛውን እሱ ራሱ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።