በ4 ኮከብ የወደቁ ቤቶች፦ በእንግዳ ፍርድ ላይ የተደረገ ጥናት
እንግዳ ከጥንትም ፈራጅ ነበር። የበላውን፣ የጠጣውን፣ የተኛበትን መደብ ሳይቀር መዝኖ ነው የሚወጣው። የድሮውን ከዛሬው የሚለየው ፍርዱን የሚያሰማበት ቦታ ነው። የድሮው እንግዳ በር ላይ ቆሞ «እግዜር ይስጥልን፣ ቤታችሁን ይባርክ» ብሎ መርቆ ይወጣና፣ ወጡ ጨው እንደበዛበት የሚናገረው ቀጥሎ ባረፈበት ቤት ነው። ይህ አሠራር ሐሜት ይባላል፤ ለብዙ ዘመን ያለ እንከን አገልግሏል። ባለቤቱ አይሰማም፤ ቢሰማም አልሰማሁም ይላል፤ በሚቀጥለው ለቅሶ ላይ ሁለቱ ተቃቅፈው ይሳሳማሉ። የዛሬው እንግዳ ግን ፍርዱን በጽሑፍ አድርጎ፣ ኮከብ ጨምሮበት፣ ዓለም በሚያነበው ቦታ ይለጥፈዋል። ይህ ጥናት ከሐሜት ወደ ኮከብ የተደረገውን ሽግግር፣ በተለይም ከቦሌ እስከ ሲኤምሲ ፈርኒሽድ አፓርታማ በቀን ሒሳብ በሚያከራዩ ወገኖች ላይ ያስከተለውን መዘዝ ይመረምራል።

የመስኩ ታሪክ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 ብራያን ቼስኪና ጆ ጌቢያ የተባሉ ሁለት ወጣቶች በሳን ፍራንሲስኮ የቤት ኪራይ ከበዳቸው። ከተማው በዲዛይነሮች ጉባኤ ተጨናንቆ ሆቴል ጠፍቶ ስለነበር፣ ሳሎናቸው ውስጥ የአየር ፍራሽ ነፍተው ሦስት እንግዶች አሳደሩ፤ ቁርስም አበሉ። በዓመቱ ናታን ብሌቻርዚክ ተጨመረና አከራይን ከእንግዳ የሚያገናኘው ኤርቢኤንቢ የተባለ የኢንተርኔት መድረክ ተመሠረተ። ዛሬ በዚያው መድረክ ላይ ሰው ሳሎን ወለል ላይ በአየር ፍራሽ የሚያስተኛ አስተናጋጅ ቢኖር በማግሥቱ ምን እንደሚጻፍበት ለመገመት ምርምር አያሻም። መሥራቾቹ በራሳቸው ፈተና ይወድቁ ነበር።

የፍርዱ ሥርዓት እንዲህ ነው። እንግዳው ከወጣ በኋላ 14 ቀን ይሰጠዋል። ከ1 እስከ 5 አጠቃላይ ኮከብ ይሰጥና፣ ለንጽሕና፣ ለመረጃው ትክክለኛነት፣ ለአገባብ፣ ለመልእክት ልውውጥ፣ ለአካባቢና ለዋጋ ደግሞ ለየብቻ ይሰጣል። አስተናጋጁም በበኩሉ እንግዳውን ይመዝናል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ አንዱ የሌላውን ሳያይ ነው የሚጽፈው፤ ሁለቱም እስኪጽፉ ወይም 14ቱ ቀን እስኪያልቅ ፍርዱ ታሽጎ ይቆያል። «ሱፐርሆስት» የሚባለውን ማዕረግ የፈለገ አስተናጋጅ አማካዩ ከ4.8 መውረድ የለበትም፤ በየሦስት ወሩም እንደገና ይታያል።

4.8 ከ5፣ ከመቶ ሲሰላ 96 ነው። ለንጽጽር ያህል፣ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚህ የምንረዳው ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ከሚጠየቀው ይልቅ አንሶላ ለማንጠፍ የሚጠየቀው ወደ እጥፍ የተጠጋ መሆኑን ነው። 4 ኮከብ ማለት 80 ነው። ከመቶ 80 ያመጣ ልጅ ጫማ ይገዛለታል። 80 ያመጣች አስተናጋጅ ግን ማዕረጓ አደጋ ላይ ይወድቃል። በፈረንሳይ ሚሽለን የተባለው የምግብ ቤት መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ የሚሰጠው ከፍተኛው ክብር 3 ኮከብ ነው፤ አንዷን ብቻ ለማግኘት ዕድሜያቸውን ምድጃ ሥር የሚጨርሱ ወጥ ቤቶች አሉ። ቦሌ ላይ ግን 3 ኮከብ የሰማች አስተናጋጅ ደም ግፊቷን መለካት ይኖርባታል።

ሒሳቡን ለሚወዱ አንባብያን፦ አንድ እንግዳ «በጣም ጥሩ ነው» ብሎ 4 ቢሰጥ፣ አማካዩን ወደ 4.8 ለመመለስ ፍጹም ደስተኛ የሆኑ 4 እንግዶች ያስፈልጋሉ። 3 ከሰጠ 9 ያስፈልጋሉ። እኩለ ሌሊት ላይ ኔትወርክ ተቋርጦበት የተናደደ ሰው 1 ቢሰጥ ደግሞ 19 ሰዎች ተከታትለው መጥተው፣ ተኝተው፣ ረክተው 5 መስጠት አለባቸው። ለአንድ ኃጢአት 19 ስግደት የሚያዝ የነፍስ አባት ቢኖር ሰው ንስሐ አባቱን በቀየረ።

እንዲህ ከሆነ ሁሉም ቤት 1 አጠገብ መሆን ነበረበት፤ ግን አይደለም። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጆርጂዮስ ዘርቫስ፣ ዳቪዴ ፕሮሰርፒዮና ጆን ባየርስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጽሑፍ፣ በኤርቢኤንቢ ካሉት ቤቶች 95 ከመቶ ያህሉ አማካያቸው 4.5 ወይም 5 ሆኖ አግኝተውታል። ለዚህ የእኛ አገር ምሁር ማብራሪያ ለመፈለግ ሩቅ አይሄድም፤ ይሉኝታ ነው። ቁልፍ ያቀበለችህን፣ ልጅህን የሳመችልህን ሴት በ3 ኮከብ መቅጣት ለማንም ይከብዳል። ቅር ያለውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ሁሉም 5 በሚሰጥበት አገር፣ የልቡን ተናግሮ 4 የሚሰጥ ሐቀኛ ሰው ከሌባ ይልቅ ይፈራል። ሌባ ቢያንስ ፎጣ ብቻ ነው የሚወስደው።

ለ«አካባቢ» የሚሰጠው ኮከብ ለብቻው ሊጠና ይገባዋል። ቤት የማይንቀሳቀስ ንብረት መባሉ ያለ ነገር አይደለም። እንግዳው ከመከራየቱ በፊት ካርታውን አይቷል፣ ከአየር ማረፊያው ያለውን ርቀት ለክቷል፤ ከዚያ መጥቶ ቤቱን ካርታው ላይ ባለበት ቦታ ስላገኘው 3 ይሰጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሁለተኛ ፎቅ ሲወጣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ግን ጥፋቱን በደረጃው ላይ ጽፎ ይሄዳል። ደብር በአቅራቢያው ካለ የፍልሰታ ሰዓታት፣ መስጊድ ካለ የንጋቱ አዛን፣ ሁለቱም ከሌሉ የጎረቤት አውራ ዶሮ፣ ሁሉም «ጸጥታ ይጎድለዋል» በሚለው አንድ መስመር ይጠቃለላሉ። አስተናጋጇ አውራ ዶሮውን አላነጋገሩም፤ ይህ እውነት ነው።

«ትክክለኛነት» በሚለው ዘርፍ ነሐሴ ላይ የሚመጡ እንግዶች ጠንካራ አቋም አላቸው። ዝናብ ይዘንባል። ለውጭ ሰው 13 ወር ሙሉ ፀሐይ ቃል የሚገባውን የሀብተሥላሴ ታፈሰን የቱሪዝም መፈክር መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2016 «ምድረ ቀደምት» በሚለው ቀይሮታል፤ እንግዳው ግን በድሮው ተማምኖ መጥቶ፣ ልዩነቱን ከአስተናጋጇ ኮከብ ላይ ያወራርዳል። የአገባብ ጉዳይም አለ። «ከ8 ሰዓት በኋላ መግባት ይቻላል» ተብሎ በአገርኛ ሰዓት የተነገረው ፈረንጅ፣ ሻንጣውን እየጎተተ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከተፍ ይላል፤ ያለፈው እንግዳ በቁምጣ ሆኖ ይከፍትለታል። ሁለቱም 4 ይሰጣሉ።

ከሁሉ የከበደው የዳያስፖራው ጉዳይ ነው። «ሁለት ሰው» ብሎ ተመዝግቦ ይገባል፤ ሁለት ሰው መሆኑም እውነት ነው፣ እስከ ምሳ ሰዓት። ከሰዓት በኋላ አክስት ከደብረ ብርሃን ድፎ ዳቦ ይዘው ይመጣሉ። የአክስት ልጆች ይከተላሉ። የሰፈር ልጅ፣ የክርስትና አባት፣ አንድ ማንም በእርግጠኝነት የማያውቀው ሽማግሌ ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ። ሳሎን ውስጥ ቡና ይቆላል፣ ፈንዲሻ ምንጣፉ ላይ ይበተናል፣ ጥበቃው ሳይቀር ስኒ ይደርሰዋል። ሲመሽ ዘመድ «ዛሬማ አንለያይም» ይላል። እንግዳው ከሳምንት በኋላ የጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ቤቱ ጥሩ ነው፤ ወንበር ያንሰዋል።»

ሌሊቱን በተመለከተ ከአንድ ቤት የተገኘ የስልክ ንግግር እነሆ።

«ማዘር፣ መብራት ሄደ እኮ።»

«አዎ ልጄ፣ ሰፈሩ በሙሉ ነው። በመስኮት ብታይ…»

«አየሁት። ግን እኔ የከፈልኩት ለሰፈሩ አይደለም።»

«ትራንስፎርመር ነው አሉ፤ ደውለናል የኔ ልጅ።»

«እሺ፤ ለእኔ ክፍል ብቻ የሚመጣበት መንገድ የለም?»

በማግሥቱ ከተጻፈው አስተያየት የመጀመሪያው ክፍል ምስጋና ነበር፤ ኮከቡ ግን 4። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ በፈረንጅ ስታቲስቲክስ መረዳት ስለማይቻል፣ ጥናቱ ወደ አገራችን የአንድምታ ሊቃውንት ዘዴ ዞሯል።

«ቤቱ ንጹሕ ነው» አለ፤ ሲገባ ንጹሕ ሆኖ አግኝቶታልና። አንድም፤ ሲወጣ እንዴት አድርጎ እንደተወው ያውቃልና፣ አስቀድሞ ነገሩን ሲዘጋ ነው። «አስተናጋጇ እንደ እናት ናቸው» አለ፤ በሌሊት ሻማ ይዘው መጥተውለታልና። እንደ እናት ከሆኑ ስለምን 5 አልሰጠም ቢሉ፤ ለእናቱ ኮከብ የሰጠ ማን አለ። አንድም፤ ከስድስቱ ዘርፎች ለእናትነት የተመደበ የለምና። «ሁሉም ነገር ጥሩ ነበር፣ ውኃ ብቻ» አለ፤ ውኃ ሐሙስ ሄዳ ቅዳሜ መጥታለችና። ሮቶው ሞልቶ አልነበረምን ቢሉ፤ ሞልቶ ነበር፤ ሐሙስ ማታ ገንዳ ሙሉ ቀድቶ ተዘፍዝፎበታል። «በእርግጠኝነት እመለሳለሁ» አለ። 4 ሰጥቶ እንዴት ይመለሳል ቢሉ፤ ዋጋው ሲቀንስ።

አቤት የሚባልበት ቦታ አለ። ድርጅቱ ግን ማን እውነት ተናገረ በሚለው ክርክር ውስጥ አይገባም፤ የሚያየው መመሪያው መጣሱን ነው። መመሪያው ከአስተናጋጁ ቁጥጥር ፈጽሞ ውጭ በሆነ ነገር ላይ የተጻፈን አግባብነት እንደሌለው ይቆጥረዋል። ደስ ይላል። ነገር ግን ቁጥጥር ማለት ምን ማለት ነው? ውኃ ከሄደ ሌላ ሮቶ መጨመር ይቻላል። መብራት ከሄደ ጀነሬተር አለ። ጀነሬተሩ ከጮኸ ድምፅ የማያስወጣ ቤት ይሠራለታል። አውራ ዶሮውም ቢሆን ከጎረቤት ተገዝቶ ለፋሲካ ሊታረድ ይችላል። በዚህ ስሌት ከአስተናጋጇ ቁጥጥር ውጭ ሆኖ የቀረው ከፍታው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ቤቱን አዋሽ ሸለቆ ሠርተውት ቢሆን ኖሮ ይቀር ነበር።

«ግማሹን ብር ካልመለሳችሁልኝ የምጽፈውን አውቃለሁ» የሚለው እንግዳ ሌላ ዝርያ ነው። በኮከብ ማስፈራራት በመድረኩ የተከለከለ ነው፤ ማስረጃ ሆኖ የሚረዳውም በመድረኩ የመልእክት ሳጥን የተጻፈ ነገር ነው። ይህን ከአስተናጋጆች ሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው እንግዳው ነው። ስለዚህ ማስፈራራቱን በስልክ፣ ምስጋናውን በጽሑፍ ያደርጋል። ልምድ ያላቸው አስተናጋጆች ስልኩን ከዘጉ በኋላ ወደ መልእክት ሳጥኑ ገብተው «ልጄ፣ አሁን በስልክ ግማሹን ካልመለሳችሁ ያልከኝን እዚህ ብትጽፍልኝ» ይሉታል። እስካሁን የጻፈ የለም ይላሉ።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው በአደባባይ መልስ መስጠት ነው፤ ለዚህም 30 ቀን ተፈቅዷል። ይህ መልስ ራሱን የቻለ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ሆኗል። የመጀመሪያው ረቂቅ ሌሊት ይጻፋል፤ ረዥም ነው፤ የፎጣውን ዋጋ፣ የባንክ ብድሩን፣ የልጅቷን ሠርግና «እግዚአብሔር ይፍረድ» የሚል መደምደሚያ ይይዛል። ጠዋት የእህት ልጅ ይመጣና «ኧረ ይሄ አይለጠፍም አክስቴ» ይላል። በሁለተኛው ረቂቅ እግዚአብሔር ይወጣል። በሦስተኛው ፎጣው ይወጣል። በመጨረሻ የሚለጠፈው ሁለት መስመር ነው፦ ውኃው በከተማው ፈረቃ ምክንያት እንደተቋረጠ፣ በዚያው ሳምንት ሁለተኛ ሮቶ እንደተተከለ። የተሻለውም ይኸው ነው፤ መልሱን የሚያነበው የሄደው እንግዳ ሳይሆን ሊከራይ ያሰበው ነውና። የመጀመሪያው ረቂቅ ግን አይጠፋም፤ ለእድር ስብሰባ ይነበባል።

በአሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤዝመንታቸውን የሚያከራዩ ወገኖቻችን ሁኔታ በአጭሩ ይነሣል፤ እዚያ መብራት አይሄድም፣ ውኃም አይቋረጥም። ስለዚህ እንግዳው ወደ ሽታ ይሄዳል። ከላይ ፎቅ ቁሌት ይቁላላል፤ እሑድ ቡና ሲቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፤ ከታች ያለው ሰው በፒጃማ ግቢ ይወጣል። በሚጽፈው ላይ ያልጠፋ እሳትን የመሰለ ድራማ አለ።

አስተናጋጆችም ዝም ብለው አልተቀመጡም። ለእንግዳ የሚሰጡት አስተያየት በጨዋነት የተሸፈነ፣ ሌላ አስተናጋጅ ብቻ የሚያነበው ሆኗል። «በጣም ሰው ወዳድ ናቸው» ማለት አሥራ ምናምን ዘመድ ያመጣሉ ማለት ነው። «ለዝርዝር ነገር ትኩረት ይሰጣሉ» ከተባለ እርሳቸው መሳቢያ ከፍተው አቧራ የሚፈልጉ ናቸው። «በቤታቸው እንዳሉ ሆነው ነው የቆዩት» የሚለውን ያነበበ አስተናጋጅ ደግሞ ያን ቀን ቤቱ ተይዟል ይላል።

ጥናቱ ለእንግዶች አንድ ማሳሰቢያ አለው። ውኃ ሄዶባችሁ ከሆነ፣ እባካችሁ ሳትወጡ ለባለቤቷ ንገሯቸው፤ ባልዲ ይዘው ይመጣሉ። 5 መስጠት ከከበዳችሁና 4 ልትሰጡ ካሰባችሁ ደግሞ፣ ምንም አትስጡ። አስተያየት ያልጻፈ እንግዳ የሚደርስበት ቅጣት የለም። 14 ቀን ዝም ብላችሁ ቆዩና ከዚያ በኋላ እንደ ወግ ልማዳችን ለጎረቤት እሟቸው።